ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፦ የቤላ ባርቶክ ሕይወት

የባህል ምሽት በተቃረበ ቁጥር እንደኛ ባሉ የተማሪዎች ማኅበራት ውስጥ የማይቀር ክርክር አለ። የትኛው ውዝዋዜ ይቅረብ? ማን የየትኛውን አካባቢ ልብስ ይልበስ? የስንት ብሔረሰብ ጭፈራ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይገባል? ብዙዎቻችን መድረክ ላይ የምናሳየውን እስክስታ የተማርነው ከዩቲዩብ እንደሆነም አንደብቅም።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ሃንጋሪዎችና ስሎቫኮች የገጠር ዘፈናቸውንና ውዝዋዜያቸውን እንዴት ወደ መድረክ ማውጣት እንዳለባቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲነጋገሩበት ኖረዋል። በዚህ ክርክር ውስጥ ስሙ ሳይነሳ የማይታለፍ አንድ ሰው አለ፤ ፒያኖ ተጫዋቹ፣ የሙዚቃ ደራሲውና የዜማ ሰብሳቢው ቤላ ባርቶክ። ሕይወቱ ያለቀው እንደ ብዙዎቻችን ወላጆች በስደት፣ አሜሪካ ውስጥ በመሆኑ ታሪኩ ለእኛ ከሙዚቃ ያለፈ ትርጉም አለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመምህርቷ ልጅ

ባርቶክ ማርች 25 ቀን 1881 ናጅሴንትሚክሎሽ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በሃንጋሪ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ ሩማኒያ ውስጥ ናት። አባቱ የግብርና ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር፤ ቤላ ሰባት ዓመት ሲሆነው ሞተ። እናቱ ፓውላ ሁለት ልጆቿን ይዛ በመምህርነት ሥራ ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተተች። ፒያኖ ያስጀመረችውም እሷ ናት። በ11 ዓመቱ፣ ዛሬ በዩክሬን በምትገኘው ናጅሰለሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት ቀርቦ ሲጫወት ካቀረባቸው ሥራዎች አንዱ ስለ ዳኑብ ወንዝ ራሱ የደረሰው ነበር። በኋላ ቤተሰቡ ፖዦኝ ገባ። ፖዦኝ ዛሬ የስሎቫኪያ ዋና ከተማ ብራቲስላቫ ናት።

አንድ ልጅ በአንድ መንግሥት ሥር ያደገባቸው ሦስት ከተሞች ዛሬ በሦስት አገሮች ውስጥ ይገኛሉ። የባርቶክን ሕይወት ለመረዳት ይህን ነገር በአእምሮ መያዝ ያስፈልጋል። ድንበር በእርሱ ዘመን ቆሞ የኖረ ነገር አልነበረም፤ ሰዎች በአልጋቸው ተኝተው ሳለ ድንበሩ በላያቸው አልፎ ሄዷል።

በ1899 ቡዳፔስት ወደሚገኘው የሙዚቃ አካዳሚ ገባ። በዚያ ዘመን የነበረው ወጣት ባርቶክ ብርቱ ብሔርተኛ ነበር። የሃንጋሪን ባህላዊ ልብስ ይለብስ ነበር፤ በቤተሰቡ ውስጥ ጀርመንኛ መነገሩ እንዲቀርም እናቱንና እህቱን ይወተውት ነበር። በ1903 የ1848ቱን አብዮት መሪ ላዮሽ ኮሹትን የሚያወድስ ትልቅ የኦርኬስትራ ሥራ ጻፈ። ነገር ግን ያን ጊዜ ባርቶክም ሆነ አብዛኛው የተማረ ሰው የሃንጋሪ ባህላዊ ሙዚቃ ብሎ የሚያውቀው፣ የሮማ ሙዚቀኞች በከተማ ካፌዎች የሚጫወቱትንና የከተማ ደራሲዎች የደረሱትን ዘፈን ነበር። በገጠር ምን እንደሚዘፈን የጠየቀ ጥቂት ነው።

ከግድግዳው ወዲያ የተሰማ ዘፈን

በ1904 የበጋ ወራት ባርቶክ ለሥራ ጸጥታ ፈልጎ ገርሊሴ ወደምትባል የገጠር ስፍራ ሄደ። ቦታዋ ዛሬ በስሎቫኪያ ውስጥ ናት። እዚያ ሊዲ ዶሻ የምትባል፣ ከትራንሲልቫኒያ የመጣች የቤት ሠራተኛ ልጅ እያባበለች ስትዘፍን ሰማት። ዘፈኑ ስለ አንድ ቀይ ፖም የሚናገር ቀላል ነገር ነው። ዜማው ግን ባርቶክ ካፌ ውስጥ ከሚያውቀው ጋር ምንም አይገናኝም። ጠጋ ብሎ ጠየቃት፤ ሌሎችም እንድትዘፍንለት ለምኖ በኖታ ጻፋቸው። ከአያቷ የተማረቻቸው እነዚህ ዘፈኖች የአንድን የተማረ ሰው ሕይወት መንገድ አስቀየሩ።

በ1905 ተመሳሳይ ሥራ የጀመረውን ዞልታን ኮዳይን ተዋወቀ። ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን ጓደኛሞች ሆኑ። በ1906 ሃያ የሃንጋሪ የሕዝብ ዘፈኖችን በፒያኖ አጅበው በጋራ አሳተሙ። መጽሐፉን የገዛው ሰው ጥቂት ነበር፤ የከተማው ሰው የገበሬ ዘፈን በሳሎኑ እንዲሰማ አልፈለገም። እነርሱ ግን የኤዲሰንን ፎኖግራፍ ተሸክመው በየመንደሩ መዞር ቀጠሉ። ፎኖግራፍ በሰም ሲሊንደር ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር የሚይዘው የጥቂት ደቂቃ ድምፅ ብቻ ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የገጠር ሴቶች ከከተማ የመጣ ኮት የለበሰ ሰው የአያቶቻቸውን ዘፈን ለምን እንደሚፈልግ አይገባቸውም ነበር። አንዳንዷ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ትዘፍንለታለች፤ ሌላዋ ከከተማ የመጣውን አዲስ ዘፈን ታቀርብለታለች። እርሱ የሚፈልገው ያረጀውን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። ከተሳካለትም የዘፋኙን ስም፣ ዕድሜ፣ የመንደሩን ስምና ቀኑን ይመዘግባል። ዜማው ብቻውን አልበቃውም፤ ባለቤቱንም አብሮ ጻፈ።

በ1907 በትራንሲልቫኒያ ባደረገው ጉዞ በአምስት ድምፅ ብቻ የተገነቡ ጥንታዊ ዜማዎችን አገኘ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሲባል ላደገ ጆሮ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት እንግዳ አይደለም። የዝምድና ጉዳይ ባይሆንም፣ እኛ እንደ ተራ ነገር የምናየው ለአውሮፓ የኮንሰርት አዳራሽ ምን ያህል አዲስ እንደነበር ለመገመት ይረዳናል።

የጎረቤትን ዘፈን መሰብሰብ

ባርቶክን ከብዙ የዘመኑ ሰዎች የሚለየው የራሱን ሕዝብ ዘፈን ብቻ ሰብስቦ አለመቆሙ ነው። ከ1906 ጀምሮ የስሎቫኮችን፣ ቀጥሎም የሩማኒያውያንን ዘፈን መሰብሰብ ጀመረ። ቋንቋቸውንም ተማረ። በ1913 አልጄሪያ ድረስ ሄዶ በቢስክራ አካባቢ የአረቦችን ሙዚቃ ቀረጸ። ይህን ሁሉ ሲሠራ ያየው ነገር የወጣትነት እምነቱን ለወጠው። አንድ ዜማ በሃንጋሪ መንደር በአንድ መልክ፣ በስሎቫክ መንደር በሌላ መልክ ይገኛል። ዜማው ተራራ ተሻግሮ ቋንቋ ቀይሮ ይመለሳል፤ በተመለሰ ጊዜም አዲስ ነገር ይዞ ነው። የአንድ ሕዝብ ብቻ የሆነ፣ ከማንም ያልተዋሰ ሙዚቃ ፍለጋ የወጣው ወጣት የመዋዋስን ሀብት አግኝቶ ተመለሰ።

ከ1908 ጀምሮ ፒያኖ ለሚማሩ ልጆች የጻፋቸው አራት ጥራዞች ይህን ያሳያሉ። ሁለቱ በሃንጋሪ፣ ሁለቱ በስሎቫክ ዜማዎች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ከእኛ መካከል በልጅነቱ ፒያኖ የተማረ ካለ ምናልባት ሳያውቅ የስሎቫክ ገበሬዎችን ዘፈን ተጫውቶ ይሆናል። የስሎቫክ ስብስቡ ከ3,000 በላይ ዜማዎች የያዘ ሲሆን ማቲካ ስሎቬንስካ ለተባለው የስሎቫኮች የባህል ተቋም እንዲታተም አስረክቦት ነበር። በሕይወቱ ሳለ አልታተመም። የመጀመሪያው ጥራዝ በ1959 ሲወጣ የመጨረሻው በ2007 ወጣ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁሉ ነገር ተለወጠ። በ1920 የትሪያኖን ስምምነት ሃንጋሪ ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛውን አጣች። የተወለደባት ከተማ ለሩማኒያ፣ የተማረባት ፖዦኝ ለቼኮስሎቫኪያ ሆነች። መሣሪያውን ተሸክሞ የዞረባቸው አብዛኞቹ መንደሮች የውጭ አገር ሆኑበት፤ የመንደር ጉዞውም በዚሁ ተቋረጠ።

በዚያው ዓመት ስለ አንድ የሩማኒያ አካባቢ ዘፈን የጻፈው ጥናት በጀርመንኛ ታተመ። በቡዳፔስት አገሩን የካደ ተብሎ በጋዜጣ ተወቀሰ። ግዛታችንን የወሰዱብንን ሰዎች ባህል ማክበር ክህደት ነው የሚል ስሜት ነበር። በሩማኒያ በኩል ደግሞ ለሃንጋሪ ያደላል ብለው የሚከሱት አልጠፉም። ባርቶክ ጥናቱ የተጻፈው ከጦርነቱ በፊት እንደሆነና እውነት የሆነውን ብቻ እንደጻፈ አስረዳ እንጂ አልሰረዘውም። ከወገን መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ በመካከላችን የማያውቅ ያለ አይመስለንም።

ዘፈን መድረክ ላይ ሲወጣ

ባርቶክ የገጠርን ዜማ ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ለማምጣት ሦስት መንገዶች እንዳሉ ያስረዳ ነበር። አንደኛው ዜማውን ሳይነኩ ማጀቢያ ብቻ መጨመር ነው፤ ማጀቢያው ለዕንቁ እንደሚሠራ የቀለበት መቀመጫ ይሆናል። ሁለተኛው ዜማውን እንደ መነሻ ይዞ በዙሪያው የራስን ሥራ መገንባት ነው። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ምንም ዜማ ሳይዋሱ፣ ገበሬው በቋንቋው እንደሚናገር ሁሉ በዚያ የሙዚቃ ቋንቋ ራስን መግለጽ። ለሦስቱም ግን ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ዘፈኑን በቦታው፣ ከሰዎቹ አፍ መስማት። ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ዘፈኑን እንጂ ሕይወቱን አያገኝም ብሎ ያምን ነበር።

በ1924 የጨረሰው የመንደር ትዕይንቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለሴት ድምፅና ለፒያኖ የተጻፉ አምስት የስሎቫክ ዘፈኖች ናቸው፤ ድርቆሽ ሲሰበሰብ፣ ሙሽራዋ ቤት፣ ሠርግ፣ እሹሩሩ፣ በመጨረሻም የጎረምሶች ጭፈራ። ቅደም ተከተሉ የአንዲት ሴትን ሕይወት ይከተላል። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው እያንዳንዱ ዘፈን መቼና ለምን እንደሚዘፈን ይገባዋል። ሥራውን ያበረከተው በ1923 ላገባት ሁለተኛ ሚስቱ ለፒያኒስቷ ዲታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን በ1930 የጻፈው ካንታታ ፕሮፋና ነው። ታሪኩን ያገኘው በ1914 ከሰበሰባቸው የሩማኒያ የገና ዘፈኖች ነው። ዘጠኝ ወንዶች ልጆች ከአደን በቀር ሌላ ሥራ ሳይማሩ ያድጋሉ። አንድ ቀን ጫካ ውስጥ በጣም ርቀው ይሄዱና አጋዘን ይሆናሉ። አባታቸው ፈልጎ አግኝቶ እናታችሁ ገበታ አቅርባ ትጠብቃለች፣ ወደ ቤት ተመለሱ ይላቸዋል። እነርሱ ግን ቀንዳቸው በበሩ አይገባም፤ እግራቸውም ከጫካ ቅጠል በቀር ምድጃ ዳር መቆም አይችልም። ከእንግዲህ ከዋንጫ ሳይሆን ከጥሩ ምንጭ ብቻ ይጠጣሉ። ባርቶክ ሥራዎቹ ውስጥ እምነቱን በዚህ እንደገለጸ ብዙዎች ይስማማሉ። የእኛ ሰው ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለው እዚህ ላይ ይገጥማል። በሌላ በኩል ደግሞ ታሪኩን ውጭ አገር ያደገ ልጅ ሲሰማው ስለ ምንጩ ብቻ አያስብም፤ ስለ በሩም ያስባል። ለእረፍት አዲስ አበባ ወርዶ አያቱ ቤት በር ላይ ቀንዱ የተያዘበት ከመካከላችን ስንቱ ነው?

ስደት

በ1930ዎቹ ባርቶክ ፒያኖ ማስተማሩን ትቶ በሃንጋሪ የሳይንስ አካዳሚ ውስጥ የሕዝብ ዘፈኖችን ማደራጀት ያዘ። የቀረጻቸውን ሲሊንደሮች ደጋግሞ እየሰማ እያንዳንዷን የድምፅ ቅንጣት እንደገና ጻፈ። በ1936 ቱርክ ሄዶ የአናቶሊያን ዘላኖች ዘፈን ቀረጸ። በዚህ መካከል ናዚዎች አውሮፓን እየዋጡ ነበር። ኦስትሪያ በናዚ እጅ ስትወድቅ በቪየና ያለው አሳታሚው ስለ ዘሩ የሚጠይቅ ቅጽ እንዲሞላ ላከለት፤ ባርቶክ አልሞላም አለና አሳታሚ ቀየረ። የራሱ አገር መንግሥት ከሂትለር ጋር መወዳጀቱም አንገበገበው። እናቱ በሕይወት ሳለች ግን ጥሏት መሄድ አልሆነለትም።

እናቱ በዲሴምበር 1939 ሞተች። በኦክቶበር 1940 ከዲታ ጋር ወደ አሜሪካ ተነሣ። ከመሄዱ በፊት በጻፈው ኑዛዜ፣ በሃንጋሪ በሂትለርና በሙሶሊኒ ስም የተሰየመ አደባባይ ወይም ጎዳና እስካለ ድረስ በእርሱ ስም ምንም ነገር እንዳይሰየም አዘዘ።

ኒው ዮርክ ሲደርሱ ሻንጣዎቻቸው አብረዋቸው አልደረሱም፤ ያገኟቸው ከወራት በኋላ ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ ቀጥሎም የሰርብና የክሮኣት ዘፈኖችን ቅጂ በኖታ እንዲጽፍ ለተወሰነ ጊዜ ቀጠረው። የኮንሰርት ግብዣ ግን እየቀነሰ ሄደ። ትልቅ ሰው በስደት አገር ተራ ነዋሪ ሲሆን ማየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በየከተማው ታክሲ የሚነዱ ምሁራን አባቶች አሉን።

በ1943 መጀመሪያ በሃርቫርድ ትምህርት መስጠት ጀምሮ ሳለ ሕመም አቋረጠው። ሕመሙ የደም ካንሰር ነበር። የአሜሪካ የሙዚቃ ደራሲዎች ማኅበር የሕክምናውን ወጪ ሸፈነ። በዚያው ዓመት የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ሰርጌ ኩሴቪትስኪ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ አዲስ ሥራ እንዲጽፍለት አዘዘው፤ ክፍያው 1,000 ዶላር ነበር። ባርቶክ ምጽዋት አይቀበልም፤ ሥራ ግን ይቀበላል። ሳራናክ ሌክ በምትባል የኒው ዮርክ ግዛት ትንሽ ከተማ ተቀምጦ የኦርኬስትራ ኮንሰርቶውን ጻፈ። ሥራው ዲሴምበር 1 ቀን 1944 ቦስተን ውስጥ ቀረበ፤ ዛሬ ከሥራዎቹ ሁሉ በብዛት ከሚሰሙት አንዱ ነው።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1945 በ64 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ። ለሚስቱ ያዘጋጀው ሦስተኛው የፒያኖ ኮንሰርቶ የመጨረሻዎቹ 17 ሜዠሮች ሳይጠናቀቁ ቀሩ፤ ወዳጁ ቲቦር ሸርሊ ጨረሰው። አጽሙ ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ወደ ቡዳፔስት ተወስዶ በመንግሥት ደረጃ በክብር ተቀበረ።

ከእርሱ በኋላ

ባርቶክ ከሞተ በኋላ በሃንጋሪና በቼኮስሎቫኪያ የመጡት ሶሻሊስት መንግሥታት ባህላዊ ውዝዋዜን በትልቅ መድረክ ማሳየት ወደዱ። ሉችኒትሳ በ1948፣ ስሉክ በ1949 በስሎቫኪያ ተቋቋሙ፤ የሃንጋሪም መንግሥታዊ የባህል ቡድን ብዙም ሳይቆይ ተከተለ። በሶቪየት ቡድኖች አርአያ በደርዘን የሚቆጠሩ ተወዛዋዦች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው እኩል ይነሣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ። ማማሩ ያምራል። ነገር ግን በመንደር እያንዳንዱ ሰው እንደ ስሜቱ የሚጨፍረው ጭፈራ በመድረክ ላይ የሰልፍ ትርዒት መሰለ። ተመልካቹም ተቀምጦ ከማጨብጨብ ያለፈ ድርሻ አልነበረውም።

በሜይ 1972 በቡዳፔስት ወጣቶች ሌላ ነገር ሞከሩ። የገጠር ሙዚቃን ከትራንሲልቫኒያ ሽማግሌዎች የተማሩት ፈረንትስ ሸበና ቤላ ሃልሞሽ ሙዚቃውን ተጫወቱ፤ ተወዛዋዦች ከመድረክ ወርደው እርስ በርሳቸው ጨፈሩ። ይህ ታንጽሃዝ ተባለ። ቃል በቃል ጭፈራ ቤት ማለት ነው፤ ሆኖም እኛ በተለምዶ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። ስሙ የመጣው ሴክ በምትባል የትራንሲልቫኒያ መንደር ወጣቶች ለጭፈራ ከሚከራዩት ቤት ነው። ማንም ሰው መጥቶ እርምጃውን ይማራል፣ ከዚያ ይጨፍራል። በሥራው ውስጥ ከተሳተፉት አንዱ የውዝዋዜ መምህር ሻንዶር ቲማር ሲሆን የሚመራው ቡድን በባርቶክ ስም የተሰየመ ነበር። ተመራማሪው ጆርጅ ማርቲንም ውዝዋዜውን በየመንደሩ በፊልም እየቀረጸ አስተማሪዎቹን አገዘ። ባርቶክ ለዜማ ያደረገውን እነርሱ ለውዝዋዜ አደረጉት። ዩኔስኮ በ2011 ይህን ዘዴ ለሌሎች አርአያ ይሆናል ብሎ መዘገበው። ዛሬ በስሎቫኪያም ተመሳሳይ ምሽቶች ይዘጋጃሉ።

ሙጂካሽ የተባለው የሃንጋሪ ቡድን ደግሞ በኮንሰርት ላይ የመንደሩን ዜማና ባርቶክ ከዚያ ዜማ የሠራውን ጎን ለጎን ያቀርባል። አድማጩ ምንጩንም ወንዙንም አንድ ላይ ይሰማል።

ይህ ታሪክ ወደ እኛም አንድ ቀጭን ክር አለው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በ1967 የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ መርተው እረኛው ባለ ዋሽንት የተሰኘውን ሥራቸውን አስቀርጸዋል። የኢትዮጵያ እረኛ ዜማ በቡዳፔስት ሙዚቀኞች እጅ ተሰማ ማለት ነው። እርሳቸውም በኋላ አሜሪካ ውስጥ ኖረው፣ አስተምረው፣ እዚያው አረፉ።

እንግዲህ የዘንድሮው የባህል ምሽት ሲቃረብ ከባርቶክ ምን እንውሰድ? መድረኩን እንተው አንልም፤ እርሱም አልተወውም። ነገር ግን የምንጨፍረው ጭፈራ መቼ፣ ለምን፣ በማን እንደሚጨፈር ከመለማመዳችን በፊት እንጠይቅ። ምንጩ ሩቅ አይደለም፤ እናቶቻችን፣ አክስቶቻችን፣ በስልክ የምናገኛቸው አያቶቻችን አሉ። ድምፃቸውን ለመቅረጽ ፎኖግራፍ መሸከም አያስፈልገንም፤ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል። ከጎረቤት ብሔረሰብ ስንወስድም ባርቶክ እንዳደረገው የባለቤቱን ስም አብረን እንጻፍ። በፕሮግራሙ መጨረሻ ደግሞ አሥር ደቂቃ ቆርሰን ወንበሩን ገፋ አድርገን ተመልካቹን እንጋብዝ። ምናልባት ቀንዳችን በበሩ ላይገባ ይችላል፤ ከጥሩው ምንጭ ለመጠጣት ግን የሚከለክለን የለም።